ስለ ጠፋው ንብረት ቁጥር 187 እና በሰዓቱ ስለ ደረሰው ጎርፍ

ሐምሌ 27 ቀን
ሰመራ

ለክቡር አቶ ሀብተ ሥላሴ
የታችኛው ሸለቆ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መልእክት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ንብረት ቁጥር 187ን እንድመልስ ስለ ተሰጠኝ ትእዛዝ የቀረበ ምስጋና

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ዘንድሮ በአፋምቦ በኩል ከወንዙ ዳር የጀመሩት የሽንኩርት እርሻም በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁኝ እንደሆነ፣ ከሙቀቱ በቀር ደኅና ነኝ። የማሽን ክፍሉ ማቀዝቀዣ «ለጊዜው» ተብሎ ወደ ቢሮዎ ከተዛወረ ሁለት ዓመት ስለ ሞላው፣ ሰመራ በምትታወቅበት ሙቀት እኔና ማሽኑ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን እንጠበሳለን። ማሽኑ ሲብስበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እኔ ደመወዝተኛ ስለሆንሁ ይህ መብት አልተሰጠኝም። ማቀዝቀዣው እንደተመቸዎት ግን በኮሪደሩ ሳልፍ በበሩ ሥር ከሚወጣው ንፋስ ተረድቼ ደስ ብሎኛል።

ስሜን ረስተውት እንደሆነ፣ ሠርካዲስ ይመኑ እባላለሁ፤ ከደሴ መጥቼ በጽሕፈት ቤትዎ በኮምፒዩተር ባለሙያነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሐምሌ 20 ቀን የተጻፈልኝን ማስጠንቀቂያ በታላቅ አክብሮት ተቀብዬ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በደብዳቤው እንደ ተገለጸው፣ ንብረት ቁጥር 187ን ያለ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ውሳኔ ከማሽኑ ላይ አጥፍቻለሁ፤ ስለዚህም በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት እንድመልሰው፣ ካልመለስሁ ግን አስተዳደራዊ እርምጃ እንደሚወሰድብኝ ተነግሮኛል። አጥፍተሻል የተባለው እውነት ነው፤ አጥፍቼዋለሁ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ነገሩን በዝግ ፖስታ ዘጠኝ ጊዜ ጽፌልዎ አንዱም የረባ መልስ ስላላገኘ ነው።

ይህ ደብዳቤዬ ክፍት ስለሆነና ሌላ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል፣ ንብረት ቁጥር 187 ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባኛል። ወንበር አይደለም፤ ጄኔሬተርም አይደለም። አዋሽ ከተማ ከድልድዩ ሥር የወንዙን ከፍታ የሚለካ ኡበይዳ የሚባል ባልደረባ አለን። ወንዙ ከልክ በላይ ሲሞላ እሱ ቁጥሩን ይልካል፤ ሰመራ ያለው ማሽናችን ቁጥሩን ተቀብሎ እስከ አፋምቦ ድረስ በወንዙ ዳር ለሚኖሩ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰዎች «ጎርፍ ስለሚመጣ ከብቶቻችሁን ይዛችሁ ወደ ከፍታ ውጡ» የሚል መልእክት በስልካቸው ይሰድዳል። ውሃው ከአዋሽ ተነሥቶ ታች እስኪደርስ ሁለትም ሦስትም ቀን ስለሚፈጅበት፣ መልእክቱ በጊዜው ከደረሰ ፍየልም ግመልም ለማሸሽ ይበቃል። ማሽኑ ይህን ሁሉ መልእክት አንድ በአንድ ከላከ ስለማይዘልቀው፣ ሥራውን በብዙ ክር ከፍሎ ባንድ ጊዜ ይሠራዋል። እነዚህን ክሮች የሚያስተዳድርለት የፕሮግራም ክፍል በሙያው ቋንቋ የክር ላይብረሪ ይባላል። የእኛ ማሽን ሁለት ነበረው፤ አንዱ ክሩ ሲበዛበት የሚተበተበው አሮጌው፣ ሌላው የማይተበተበው አዲሱ። አሮጌው ንብረት ቁጥር 187 ነው፤ አዲሱ 188።

ማሽኑ የሚሠራበት ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት ደግሞ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ገዝቶ እንደሚለብስ ሰው አይደለም፤ ጨርቁን ተቀብሎ እዚያው በልኩ የሚሰፋ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከምንጭ ጽሑፉ ተነሥቶ ራሱ ማሽኑ ላይ ይገነባል። ምን እንደሚገነባ የሚወሰነው በአንድ የምርጫ ፋይል ሲሆን፣ እዚያ ላይ «አዲሱ ብቻ» ለማለት አንዲት ቃል ትጻፋለች። ካልተጻፈች ማሽኑ ሁለቱንም ላይብረሪ በተራ ይገነባል፤ ጊዜውም ሙቀቱም እጥፍ ይሆናል፤ አሮጌውም ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ክቡርነትዎ የተቆጡኝ በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ነው።

ከዚህ በታች ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ነገር በጽሕፈት ቤታችን እንደማይታይ ከሥራ ልምዴ ተምሬአለሁ።

1ኛ) ማሽኑን የሰጡን ለጋሾች ሲሄዱ ሁለት መቶ አሥራ አራት መስመር ያለው የርክክብ ዝርዝር ትተውልን ነበር። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ መንበረ፣ እንደ ትጉህ ሠራተኛነታቸው፣ ከመስመሩ አንዱንም ሳያስቀሩ በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ ገለበጡት። ኬብሉም፣ ስክሪኑም፣ በዓይን የማይታየው የክር ላይብረሪም እያንዳንዱ ቁጥር ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ሰኔ 30 በመጣ ቁጥር ለቆጠራ ይመጣሉ፤ እኔም የአሮጌውን ስም ከስክሪኑ ላይ አሳያቸዋለሁ፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አስተካክለው ያዩና የራይት ምልክት ያደርጋሉ። አንድ ዓመት ቁጥሩ ካልተለጠፈበት ኦዲት አይቀበለውም ስላሉኝ፣ የሚለጠፍበት አካል ስለሌለው ወረቀቱን በማሽኑ ጎን ለጥፈነዋል። አሁንም አለ፤ መጥተው ሊያዩት ይችላሉ።

በወይዘሮ መንበረ ላይ ቂም የለኝም። አንድ ቀን «ልጄ፣ ነገሩ ምንም እንዳልሆነ እኔም ይገባኛል፤ ግን የፈረምሁት እኔ ነኝ፣ ሲጎድል የምጠየቀውም እኔ ነኝ» ብለውኛል። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የሚያንገሸግሸኝ የእሳቸው ፍርሃት ሳይሆን፣ ይህን ፍርሃት በአንድ መስመር ደብዳቤ ሊያነሡላቸው እየቻሉ ያላነሡላቸው ሰው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን ግን የሚያስይዘው አለ።

2ኛ) የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አሮጌው ይቅርና በአዲሱ ብቻ እንሥራ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ለአንዲት ቃል ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰባት ሰው ተሰበሰበ፤ ለስላሳና ውሃ ቀረበ። ከሰባቱ አንዱም የክር ላይብረሪ ምን እንደ ሆነ አልጠየቀም፤ ሦስቱ ግን ለምን ሁለቱን አናስማማቸውም ሲሉ ጠየቁ። በመጨረሻም ክቡርነትዎ ተነሥተው፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ብለው ጉዳዩን ቋጩት። አዳራሹ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔም አንደኛው ባላ ምስጥ እንደ በላው፣ የሚንጠለጠለውም ባላውን መርጦ ሳይሆን በደረሰው ላይ እንደ ሆነ ለመናገር እጄን አወጣሁ፤ ተራዬ ሳይደርስ ምሳ ደረሰ።

ከምሳ በኋላ የጸደቀው ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፤ ሁለቱም ላይብረሪዎች እንዲቆዩ፣ ሆኖም ንብረት ቁጥር 187 በመዝገብ ቀዳሚ ስለሆነ በሥራም እንዲቀድም። በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ለአንድ የፕሮግራም ክፍል የአገልግሎት ዘመን ሲቆጠርለት ያየሁት ያኔ ነው። ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ብዬ ብናገር፣ ጸሐፊው «ባለሙያዋ ድጋፏን በተረት ገልጻለች» ብሎ መዘገበው። እኔም በቃለ ጉባኤው መሠረት ማሽኑ ሲነሣ አሮጌው እንዲቀድም የሚያዝዝ መስመር በገዛ እጄ ጻፍሁ። ይህን ያህል ታዛዥ ነበርሁ።

3ኛ) አሮጌው ላይብረሪ የሚያስፈልገው ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ እሱም የራዲዮ ጥሪ የሚመዘግበው። ራዲዮው ራሱ በአስወጋጅ ኮሚቴ ከተወገደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ራዲዮው የለም፤ የራዲዮው ፕሮግራም ግን አለ፤ ለፕሮግራሙ ሲባልም 187 አለ። ስለዚህ ነገር በየዓመቱ ጽፌ በየዓመቱ «ለሚመለከተው ይቅረብ» የሚል ተጽፎበት ተመልሶልኛል። የሚመለከተው እኔው ስለሆንሁ ደብዳቤውን ለራሴ አቅርቤ ለራሴ ፋይል አድርጌዋለሁ።

4ኛ) ወደ ነሐሴ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ 9 ቀን፣ በእርስዎ ትእዛዝ የኡበይዳን መሣሪያ ልጠግን አዋሽ ሄጄ ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወንዙ ድልድዩ ሥር ካለው ቀይ ምልክት ክንድ ያህል አልፎ ነበር። ውሃው ግንድ ይዞ ይወርዳል። ኡበይዳ ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያን ውሃ ያየ ሰው ነው፤ «ያ ረቢ» ብሎ ቁጥሩን ላከ። እኔም ወዲያው ሰመራ ደወልሁ። እኔ በሌለሁበት የማሽን ክፍሉ ቁልፍ በንብረት ደንብ መሠረት ወይዘሮ መንበረ ዘንድ ይቀመጣልና፣ ገብተው ስክሪኑን እንዲያዩልኝ ለመንኋቸው። አዩልኝና «በመላክ ላይ» ይላል አሉኝ። በማግሥቱም ደወልሁ፤ «በመላክ ላይ» ይላል አሉኝ። እኔም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እዚህ ላይ ራሴንም አልምርም። አሮጌው ላይብረሪ ሲተበተብ ድምፅ እንደማያሰማ፣ ስክሪኑም «በመላክ ላይ» ማለቱን እንደማይተው አውቅ ነበር። ስንተኛው ላይ ደረሰ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ሁሉም ነገር ሁልጊዜ በሂደት ላይ ስለሆነ ጆሮዬ ለምዶት ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ማሽን ክፍሉ ስገባ፣ ከሁለት ሺህ ስምንት መቶው ውስጥ የተላከው ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ብቻ ነበር። ማሽኑ እዚያው ቁጥር ላይ ሁለት ቀን ከግማሽ ቆሞ ውሏል፤ አድሯል። የቃለ ጉባኤውን መስመር ሰርዤ በአዲሱ አስነሣሁት። የቀረው ሁሉ በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ሄደ።

ውሃው ግን አፋምቦ የገባው የዚያኑ ቀን ጎሕ ሲቀድድ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሐቢባ የምትባል ሴት በዝርዝሩ 1,904ኛ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አማቷንና ሦስት ልጆቿን የምታኖረው በፍየል ነው፤ አርባ ሦስት ነበሯት። መልእክታችን የደረሳት ከተረፉት ዘጠኝ ፍየሎች ጋር ጉብታ ላይ ቆማ፣ አማቷን በጀርባዋ እንዳዘለች ነው። መስከረም ላይ በጭነት መኪና ተሳፍራ ሰመራ ድረስ መጣች። ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ወደ እኔ ላኳት። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ነፍሳችን ተርፋለች አልሃምዱሊላህ ብላ ተቀመጠችና ስልኳን አውጥታ መልእክቱን አሳየችኝ። አላጠፋችውም ነበር። ከዚያም አንድ ነገር ልትጠይቀኝ መምጣቷን ነገረችኝ፤ የዘገየው ስልኩ ነው ወይስ እናንተ፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ፣ ስልኩ ከሆነ እቀይረዋለሁ አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ግን ስለ ባላና ስለ መዝገብ ቀዳሚነት ለሐቢባ አልተረክሁላትም። እኛ ነን አልኋት። ለከርሞ በጊዜው ይደርስሻል ብዬም ቃል ሰጠኋት። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አልፈቀደልኝምም።

5ኛ) ክቡርነትዎ ከጎርፉ በኋላ ወደ ላይ ላስተላለፉት ሪፖርት ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ሪፖርቱ፣ ከታቀደው 2,800 መልእክት 2,800ው መተላለፉን፣ አፈጻጸሙም መቶ በመቶ መሆኑን ይገልጻል። ሐሰት የለበትም፤ ሁሉም ተልኳል። ስንት ሰዓት ተላከ የሚል ዓምድ ቅጹ ላይ ስለሌለ ማንም አልጠየቀም። ጽሕፈት ቤቱ የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ ወረቀቱም በመስታወት ሆኖ ማቀዝቀዣው ሥር ተሰቅሏል። በግምገማው ላይ አንድ ሽማግሌ ስለ አፋምቦ ሲጠይቁዎት፣ «እኔም ብሆን መልእክቱ አልደረሰኝም፣ የኔትወርክ ችግር ነው» ብለው መልሰውላቸዋል። ያን ስሰማ ተነሥቼ ወጣሁ። በስብሰባ መሀል በመውጣቴም ተግሣጽ ደርሶኛል፤ ለእሱም አመሰግናለሁ።

6ኛ) ቃለ ጉባኤው እስካለ አሮጌው መልሶ መቅደሙ አይቀርምና፣ 187 በሕግ ይወገድ ዘንድ ለአስወጋጅ ኮሚቴው አመለከትሁ። ኮሚቴው ሦስት አባላት አሉት። አንዱ ወደ ገላፊ ተዛውረዋል፤ አንዷ ወሊድ ላይ ናቸው፤ ሦስተኛው ብቻቸውን ምልዓተ ጉባኤ እንደማይሆኑ በጽሑፍ አሳውቀውኛል። ተተኪ ይመደብልን ብዬ ለክቡርነትዎ ጻፍሁ። ለሚመለከተው ይቅረብ አሉ።

ስለዚህ በግንቦት ወር፣ ወንዙ ጎድሎ ልጆች በእግራቸው በሚሻገሩበት ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ ገብቼ በምርጫ ፋይሉ ላይ ያቺን ቃል ጻፍኋት። ማሽኑ አንድ ቀን ከግማሽ ፈጅቶ ራሱን እንደገና ሰፋ። ሙቀቱ እንዳያቆመው የቤቴን ቬንቲሌተር አምጥቼ ፊቱ አቆምሁለት። ሲያልቅ 187 አልነበረም። ለሙከራ ሁለት ሺህ ስምንት መቶውን መልእክት ወደ ባዶ ቁጥር ላክሁ፤ በአሥራ አንድ ደቂቃ ተጠናቀቀ። ደግሜ ላክሁ፤ ያው ነው። እውነቱን ለመናገር ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስሁ። ሰኔ 30 ቀን ወይዘሮ መንበረ ለቆጠራ መጡ፤ ስሙን ስክሪኑ ላይ አጡት፤ «የጎደለ» ብለው ጻፉ። ቀሪውን ታሪክ ክቡርነትዎ ያውቁታል።

7ኛ) የመጨረሻው ቅሬታዬ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ስላለው ፊርማ ነው። ማስጠንቀቂያው የወጣው በስምዎ ቢሆንም፣ ከስምዎ ፊት «ስለ» ተብሎ የፈረመው ሌላ ሰው ነው። መለስ ብዬ ፋይሌን አገላበጥሁት። የባላው ቃለ ጉባኤ «ስለ» ተብሎ የተፈረመ ነው። ማቀዝቀዣው የተዛወረበት ትእዛዝ «ስለ» ነው። መቶ በመቶ የሚለው ሪፖርት «ስለ» ነው። የምስክር ወረቀቱን ፈርመው የተረከቡት ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ እጅ ጽሑፍዎ ያምራል። ይህን ሳይ የተሰማኝን በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ተጸየፍሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ወደ ትእዛዝዎ አፈጻጸም እገባለሁ። 187 ይመለስ ከተባለ፣ ማሽኑ መላውን ሥራ አቁሞ ሁለቱንም ላይብረሪና በላያቸው ያለውን ሁሉ ከምንጩ መገንባት አለበት። መብራት ካልጠፋ ሁለት ቀን ተኩል ይፈጃል። ከጠፋ የተጀመረው ፈርሶ እንደገና ከሀ ይጀመራል፤ በዚህ ወር መብራት ሳይጠፋ የዋለበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ኡበይዳ ቁጥር ቢልክ የሚቀበለው የለም። የሰጡኝ ቀነ ገደብ የሚያልቀው በነሐሴ መግቢያ ነው። ኡበይዳ ትናንት እንደ ነገረኝ ደጋው ላይ ዝናቡ በርትቷል፤ ውሃውም ቀለሙን መለወጥ ጀምሯል። ሐቢባም በዚህ ሳምንት ደውላልኝ ነበር። ዘጠኙ ፍየሎች አሥራ አራት ሆነዋል፤ ሣር ያለው ከወንዙ ዳር ስለሆነ እዚያው ናት። ዘንድሮ ትነግሪኛለሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኋት።

እንቢተኛ እንዳልባል ግን ለትእዛዝዎ አፈጻጸም የሚያስፈልገውን ቅጽ ራሴ አዘጋጅቼ ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ። አጭር ነው። «እኔ ሀብተ ሥላሴ፣ ማሽኑ በጎርፍ ወቅት ሥራ አቁሞ እንዲሰነብት፣ ከዚያም በኋላ ማስጠንቀቂያው በንብረት ቁጥር 187 እንዲላክ፣ ባለፈው ዓመት በአፋምቦ የሆነውን እያወቅሁ አዝዣለሁ» ይላል። ከሥሩ የቀን፣ የሰዓትና የፊርማ ቦታ አለው። «ስለ» የሚል ቃል ከፊርማው ፊት ከተገኘ ቅጹ አይሠራም። በራስዎ እጅ በፈረሙ በዚያው ሰዓት ሥራውን እጀምራለሁ፤ ቅጹንም አባዝቼ ለሐቢባና ለተቀሩት ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሰዎች እንዲነበብላቸው አደርጋለሁ፤ ማን እንዳዘገየባቸው የማወቅ መብት አላቸውና። እስኪፈርሙ ድረስ ግን ማሽኑ እንዳለ ይቆያል። ለወይዘሮ መንበረም የጎደለውን እኔ እንዳጎደልሁ የሚገልጽ ደብዳቤ በእጄ ጽፌ፣ ያለ «ስለ» ፈርሜ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሌሊት እንዲተኙበት።

ማቀዝቀዣው ሳያቋርጥ እየነፈሰልዎ፣ ማኅተሙ ከመሳቢያዎ ሳይርቅ፣ እስክሪብቶዎ ግን በሥራ ሰዓት እንደ ተሰወረ፣ ስብሰባው በስብሰባ ላይ እየተተካልዎ፣ ረጅም የሥራ ዘመን እንዲሰጥዎ ከልብ የምመኝ፣

ታዛዥዎ የነበርሁ
ሠርካዲስ ይመኑ
የኮምፒዩተር ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ መንበረ፣ ለመዝገባቸው
ለአቶ ኡበይዳ፣ አዋሽ ድልድይ
ለወይዘሮ ሐቢባ፣ አፋምቦ፤ በስልክ ይነበብላት

ማስታወሻ፦ በግምገማው ላይ መልእክቱ እኔም አልደረሰኝም ማለትዎ ትክክል ነበር፤ ፈትሼው ስልክዎ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። አሁን የሽንኩርት እርሻ ስላለዎት ስህተቱን አርሜአለሁ። ሐቢባን ወደ አንደኛ ተራ አምጥቻት፣ እርስዎን ለቅቃው በሄደችው በ1,904ኛ ተራ አስገብቼዎታለሁ። በ188 ከተላከ መልእክቱ በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ይደርስዎታል። 187 እንዲመለስ ከፈረሙ ግን፣ አምና ለሐቢባ በደረሳት ሰዓት ይደርስዎታል።